የኦንላይን ትምህርት ክፍያ መቼና እንዴት ይቆረጣል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በየወሩ ወይም በየዓመቱ ለሚከፈልባቸው የኦንላይን ኮርሶች የተመዘገቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች፣ ከቀላሉ ወደ ከበድ ያለው።

የክፍያ ዑደት የሚባለው ምንድን ነው?

ከአንድ ክፍያ እስከሚቀጥለው ክፍያ ያለው ጊዜ ነው። አንድ ወር፣ ሦስት ወር ወይም አንድ ዓመት ሊሆን ይችላል። የሚከፈለው አስቀድሞ ነው። እንደ መብራት ሂሳብ ተጠቅመው ሲጨርሱ ተቆጥሮ አይመጣም። ዛሬ የተቆረጠው ገንዘብ ከዛሬ ለሚጀምረው ወር ነው።

ዑደቱ ሲያልቅ ሰብስክሪፕሽኑ (ደንበኝነቱ) በራሱ ይታደሳል። «ልቀጥል ወይስ ይብቃ?» ብሎ የሚጠይቅዎት የለም። ወሩ ሙሉ አንድም ቪዲዮ ሳይከፍቱ ቢያልፍ እንኳ ክፍያው አይቀርም።

ክፍያው የሚቆረጠው ወር በገባ በ1 ነው?

አይደለም። የእርስዎ የክፍያ ቀን የተመዘገቡበት ቀን ነው። በ17 ከተመዘገቡ በየወሩ በ17 ይቆረጣል። ነጻ ሙከራ ካለ ግን ቆጠራው የሚጀምረው ሙከራው ሲያልቅ ነው። በ10 የ7 ቀን ሙከራ የጀመረ ሰው የመጀመሪያ ክፍያው በ17 ይመጣል፤ ከዚያ በኋላም ቀኑ 17 ሆኖ ይቀጥላል።

አካውንትዎ ውስጥ ስለ ክፍያ የሚያወራውን ክፍል ሲከፍቱ ቀጣዩ የክፍያ ቀን በአንድ መስመር ተጽፎ ያገኙታል። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ያቺን መስመር ይያዙ። ከታች ያለው ጥያቄ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እሷ ላይ ነው የሚያርፈው።

ሰዓቱም ነገር አለው። ብዙዎቹ ድርጅቶች የሚሠሩት በዓለም አቀፉ ሰዓት እንጂ እርስዎ ባሉበት አገር ሰዓት አይደለም። ስለዚህ ቀኑ በአንድ ቀን ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ሊታይዎት ይችላል። በአፕል በኩል የተመዘገቡ ከሆነ ደግሞ ክፍያው ዑደቱ ከማለቁ በፊት ባሉት 24 ሰዓታት ውስጥ ሊቆረጥ ይችላል። «የመጨረሻዋ ቀን ማታ አቋርጠዋለሁ» ማለት አያዋጣም።

ወርሃዊው ነው ዓመታዊው የሚያዋጣኝ?

ስሌቱ ቀላል ነው። የዓመቱን ዋጋ ለወሩ ዋጋ ያካፍሉት። ወርሃዊው 30፣ ዓመታዊው 240 ነው እንበል። 240 ለ30 ሲካፈል 8 ይመጣል። ከ8 ወር በላይ የሚማሩ ከሆነ ዓመታዊው ይረክሳል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ወርሃዊው ይሻላል። በቃ።

ችግሩ ያለው «የሚማሩ ከሆነ» የምትለዋ ላይ ነው። በተመዘገቡበት ሳምንት ሁሉም ሰው ጎበዝ ተማሪ ነው። ሥራው ሲበዛ፣ ልጅ ሲታመም፣ እንዲሁ ስሜቱ ሲበርድ ግን ገጹን ሳይከፍቱት ወር ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ እኔ የምመክረው በወርሃዊ መጀመር ነው። ሁለትና ሦስት ወር አልፎም በደንብ እየተማሩ ከሆነ ያኔ ወደ ዓመታዊ ይቀይሩ። በመሃል የሚያጡት ቅናሽ ያን ያህል አይጎዳም፤ የማይማሩበትን ዓመት ከፍሎ ከመቀመጥ ይሻላል።

ዓመታዊውን ከመረጡ ሁለት ነገር ይጠብቁ። አንደኛ፣ ዋጋው አጠገብ በትንንሽ ፊደል «ለመጀመሪያው ዓመት» የሚል ካለ፣ በሁለተኛው ዓመት የሚቆረጠው ሙሉው ዋጋ ነው። ሁለተኛ፣ ዓመት ረጅም ነው፤ ይረሳል። የተመዘገቡ ዕለት ስልክዎ ካላንደር ላይ ከእድሳቱ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ የሚጮህ ማስታወሻ ያስገቡ።

ነጻ ሙከራ ከሆነ ካርድ ለምን ይጠይቁኛል? ትንሽ ገንዘብም የተቆረጠ መሰለኝ።

ካርዱ የሚጠየቀው ሙከራው ሲያልቅ በቀጥታ ክፍያ ለመጀመር ነው። ሙከራው ካለቀ በኋላ ፈቃድዎን ዳግመኛ አይጠይቁም፤ ፈቃዱን የሰጡት ካርዱን ያስገቡ ዕለት ነው።

ያች ትንሽ ገንዘብ ደግሞ ካርዱ እንደሚሠራ ማረጋገጫ ነች። ባንኩ ገንዘቡን ለጊዜው ይይዘዋል እንጂ ለድርጅቱ አይከፍልም። የባንክ መልእክት ስለሚመጣ «ነጻ ነው ብለው ዘረፉኝ» የሚያሰኝ ይመስላል። ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለቀቃል። ብዙ ቀን ቆይቶም ካልተለቀቀ ባንክዎን ይጠይቁ።

ሙከራውን ለማየት ያህል ብቻ የሚፈልጉ ከሆነ በጀመሩበት ቀን አቋርጡት ቢባሉ ያስገርምዎት ይሆናል። ግን ብዙ ቦታ ይሠራል፤ ቢያቋርጡም የሙከራው ቀናት እስኪያልቁ ይማራሉ። አንዳንዱ ግን ባቋረጡባት ደቂቃ በሩን ይዘጋል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የማቋረጫው ገጽ ከመጨረሻው ቁልፍ በላይ ጽፎት ያገኙታል። በአፕል በኩል ከሆነ ሙከራው ሊያልቅ ቢያንስ 24 ሰዓት ሲቀረው ማቋረጥ ያስፈልጋል።

ዛሬ ባቋርጥ የከፈልኩባቸው ቀናት ይቃጠላሉ?

በአብዛኛው አይቃጠሉም። ማቋረጥ ማለት ቀጣዩ ክፍያ እንዳይቆረጥ ማድረግ ነው። የከፈሉበት ወር እስኪያልቅ ትምህርቱ ክፍት ነው። ገንዘብ ማስመለስ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሁለቱን ብዙ ሰው ያምታታቸዋል።

ማቋረጡ መሳካቱን ግን ያረጋግጡ። ቁልፉን ሲጫኑ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ገጽ አያበቃም። «ለምን ይሄዳሉ?» ይላል። ቀጥሎ «በግማሽ ዋጋ ይቆዩ» የሚል ቅናሽ ይመጣል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ደማቁ ቁልፍ «እቀጥላለሁ» የሚለው ነው፤ «አቋርጥ» የሚለው ከሥሩ በደብዛዛ ቀለም ተጽፏል። ብዙ ሰው ሁለተኛው ገጽ ላይ ጨርሻለሁ ብሎ ይወጣል። ከዚያ በወሩ ሲቆረጥበት ይጮሃል። መጨረሻ ላይ ያቺን የቀን መስመር ይመልከቱ። «በዚህ ቀን ይታደሳል» ይል የነበረው «በዚህ ቀን ያበቃል» ወደሚል ተቀይሮ ከሆነ ነገሩ አልቋል። ማረጋገጫ ኢሜይሉንም አያጥፉት።

አፑን ከስልኬ አጥፍቼዋለሁ። ለምን አሁንም ይቆርጡብኛል?

ምክንያቱም የክፍያ ስምምነቱ አፑ ውስጥ አይደለም ያለው። አፑን ማጥፋት የሚያስለቅቀው የስልክዎን ቦታ ብቻ ነው።

ማቋረጥ የሚቻለው በተመዘገቡበት በኩል ነው። በድርጅቱ ዌብሳይት ከከፈሉ እዚያው ዌብሳይት ላይ ያቋርጣሉ። በአይፎን አፕ ውስጥ ከከፈሉ በአፕል አካውንትዎ፣ በአንድሮይድ አፕ ውስጥ ከከፈሉ ደግሞ በጉግል ፕሌይ ውስጥ የደንበኝነት ዝርዝሩን ይፈልጉ። የትኛው እንደሆነ ካላስታወሱ ደረሰኙን የላከው ማን እንደሆነ ይዩ። ደረሰኙ ከአፕል ከመጣ፣ የኮርሱ ድርጅት ቢለምኑትም ሊያቋርጥልዎት አይችልም። አካውንቱን ማጥፋትም እንዲሁ ነው፤ ክፍያው በአፕል ወይም በጉግል በኩል ከሆነ አካውንቱ ጠፍቶም ገንዘቡ መቆረጡ ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ክፍያውን ያቋርጡ፣ ከዚያ አካውንቱን ያጥፉ።

የተመዘገብኩት በፈረንጆቹ ወር በ31 ነው። 30 ቀን ባለው ወር ምን ይሆናል?

አብዛኛው ሥርዓት በወሩ የመጨረሻ ቀን ይቆርጣል። ብዙ ድርጅቶች የሚጠቀሙበት ስትራይፕ የተባለው የክፍያ ሥርዓት ጃንዋሪ 31 የጀመረን ደንበኛ ፌብሩዋሪ 28 ወይም 29፣ ከዚያ ማርች 31፣ ከዚያ ኤፕሪል 30 ያስከፍለዋል።

ወር ሳይሆን ቀን የሚቆጥሩም አሉ። «በየ30 ቀኑ» ከተባለ 12 ክፍያ የሚሸፍነው 360 ቀን ብቻ ነው፤ ዓመቱ ሳይሞላ 13ኛው ይመጣል። «በየ4 ሳምንቱ» የሚለው ደግሞ በዓመት 13 ጊዜ ነው። ዋጋው ከሌላው ትንሽ ረከስ ብሎ ሲያዩት ከመደሰትዎ በፊት በ13 ያባዙት።

ከተጻፈው ዋጋ በላይ ነው የተቆረጠብኝ። ለምን?

አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ነገሮች አንዱ ነው። በሚኖሩበት አገር የሚታሰብ ታክስ መጨረሻ ላይ ተጨምሮ ይሆናል። ዋጋው በሌላ አገር ገንዘብ ከሆነ ምንዛሬው የሚሰላው በተቆረጠበት ጊዜ ባለው ተመን ነው፤ ባንክዎም የውጭ ክፍያ ኮሚሽን ሊጨምርበት ይችላል። ለዚህ ነው ዋጋው ሳይቀየር የዚህ ወርና ያለፈው ወር ክፍያ የማይመሳሰለው። ሦስተኛው፣ የመግቢያ ቅናሹ አልቆ ይሆናል።

ሁለት ጊዜ ተቆርጦብኛል የሚሉ ከሆነ የባንክ መግለጫውን ረጋ ብለው ይዩት። አንዱ «በሂደት ላይ» የሚል ከሆነ ምናልባት በራሱ ይጠፋል። ሁለቱም ያለቁ ክፍያዎች ከሆኑ ግን ሁለት አካውንት እንዳለዎት ያጣሩ። አንድ ጊዜ በኢሜይልና በፓስዎርድ፣ ሌላ ጊዜ «በጉግል ግባ» በሚለው የገባ ሰው ሳያውቀው ለሁለት አካውንት ሊከፍል ይችላል። ይህ ከሚገመተው በላይ የተለመደ ነው።

ቀኑ ሲደርስ ካርዴ ላይ ገንዘብ ባይኖርስ? በራሱ ይቋረጣል?

ወዲያው አይቋረጥም። ሥርዓቱ በየጥቂት ቀኑ ደግሞ ደጋግሞ ይሞክራል። አንዳንዱ እስከዚያ ድረስ ትምህርቱን ክፍት አድርጎ ይጠብቅዎታል፤ አንዳንዱ ወዲያው ይዘጋል። አፕል እስከ 60 ቀን ድረስ ሊሞክር ይችላል።

ስለዚህ ካርዱን ባዶ አድርጎ መተው ማቋረጫ መንገድ አይደለም። ሰውየው ረስቶት ከሦስት ሳምንት በኋላ ለሌላ ጉዳይ ገንዘብ ያስገባል፤ በነጋታው ይቆረጥበታል። ክፍያው ዘግይቶ ከተሳካ ቀጣዩ ቀን የትኛው እንደሚሆን እንደ ድርጅቱ ይለያያል። ድሮ በነበረው ቀን የሚቀጥል አለ፤ ከተሳካበት ቀን አዲስ የሚቆጥርም አለ።

አሮጌው ካርዴ ጊዜው አልፎበት አዲስ አውጥቻለሁ። አዲሱን ሳልሰጣቸው እንዴት ቆረጡ?

ቪዛም ማስተርካርድም የታደሰ ካርድን መረጃ ለነጋዴዎች የሚያደርሱበት አገልግሎት አላቸው። ባንክዎ በዚያ ውስጥ ካለ አዲሱ ቁጥርና የማብቂያ ቀን እርስዎ ሳያስገቡት ይደርሳቸዋል። ዓላማው ደንበኛው በካርድ መቀየር ምክንያት ትምህርቱ እንዳይቋረጥበት ነው። ካርዱ ሲያልቅ ክፍያው አብሮ ያልቃል ብሎ ለተወው ሰው ግን ዱብ ዕዳ ነው።

በወሩ መሃል ፕላን ብቀይር ሂሳቡ እንዴት ይሠራል?

ከፍ ወዳለ ፕላን ሲቀይሩ በሁለት ዓይነት መንገድ ይሰላል። በቁጥር እንየው። አሁን ያለዎት ፕላን በወር 30፣ የሚፈልጉት በወር 60 ነው። ወሩ 30 ቀን ነው፤ 10 ቀን ተጠቅመዋል፣ 20 ቀን ይቀራል። ካሮጌው ፕላን ያልተጠቀሙበት 20 አለዎት። አዲሱ ለ20 ቀን 40 ያወጣል። ዛሬ ልዩነቱን 20 ይከፍላሉ፤ የክፍያ ቀንዎ አይነካም። ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሁለተኛው መንገድ ዑደቱን ከዛሬ እንደ አዲስ ይጀምረዋል። ከ60 ላይ የተረፈው 20 ተቀንሶ 40 ይከፍላሉ፤ የክፍያ ቀንዎም ከዚህ በኋላ የዛሬው ቀን ይሆናል። ከወርሃዊ ወደ ዓመታዊ ሲቀየር በብዛት የሚሆነው ይሄኛው ነው። የትኛውም ቢሆን «አረጋግጥ» ከማለትዎ በፊት ገጹ «ዛሬ የሚከፈል» እና «ቀጣይ ክፍያ» ብሎ ሁለት ቁጥር ያሳያል። ሁለተኛውን ሳያዩ አይጫኑ።

ወደ ዝቅተኛ ፕላን ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ አይመለስም። የከፈሉበት ጊዜ እስኪያልቅ በነበረው ይቀጥላሉ፤ ለውጡ የሚጀምረው ከቀጣዩ ክፍያ ነው። ስለዚህ ቀኑን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ያሰቡ ዕለት ይቀይሩት።

ማቋረጥ ሳልፈልግ ለጊዜው ማቆም እችላለሁ?

አንዳንዱ ጋ ይቻላል። ለአንድ፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ወር ክፍያው ይቆማል፤ ትምህርቱም አብሮ ይዘጋል። የደረሱበት ቦታ ግን ይቀመጥልዎታል። ጊዜው ሲያልቅ ክፍያው ሳይጠይቅዎት ራሱ እንደሚጀምር አይዘንጉ። ድሮ በገቡበት ርካሽ ዋጋ እየከፈሉ ከሆነ ከማቋረጥ ይልቅ ይሄ ሊጠቅምዎት ይችላል። አቋርጠው ሲመለሱ የሚጠብቅዎት የጊዜው ዋጋ ነውና።

ኮርሱን ጨርሻለሁ። ክፍያው ይቆማል? ሰርተፊኬቴስ?

ይቆማል ብለው አይተማመኑ። በተለይ ሙሉ የኮርስ ስብስብ የሚከፍት ደንበኝነት ከሆነ የከፈሉት ለአንድ ኮርስ ስላልሆነ፣ አንዱ ማለቁ ለውጥ የለውም። ራስዎ ያቋርጡ። ያገኙት ሰርተፊኬት በአብዛኛው ካቋረጡ በኋላም የእርስዎ ነው፤ ቢሆንም በፒዲኤፍ አውርደው ይያዙት። የሚዘጋው ቪዲዮውና መልመጃው ነው። የኦንላይን ኮርሶች በሚሸጡበት ዩደሚ ላይ ለምሳሌ ነጠላውን የገዙት ኮርስ አካውንትዎ ውስጥ ይቀራል፤ በደንበኝነት የከፈቱት ግን ደንበኝነቱ ሲያልቅ ይዘጋል።

በወር የሚከፈልባቸውን፣ በራስ ፍጥነት የሚሄዱ ኮርሶች ለሚወስድ ሰው ደግሞ ቀኑ ገንዘብ ነው። በአራት ወር የታሰበውን በሁለት ወር የጨረሰ ግማሹን ይከፍላል። አንድ ወጥመድ ግን አለ። ኮርሴራ በተባለው የኦንላይን ኮርስ ድርጅት አንዳንድ ሥራዎች የሚታረሙት በሌሎች ተማሪዎች ነው፤ ውጤቱ እስኪመጣ ቀናት ሊወስድ ይችላል። የክፍያ ቀንዎ በ17 ሆኖ የመጨረሻውን ሥራ በ16 ማታ ካስገቡ፣ እርማት በመጠበቅ ብቻ ሌላ ወር ሊከፍሉ ነው። ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብለው ያስገቡ።

ረስቼው ታደሰብኝ። ገንዘቤ ይመለሳል?

እንደ ድርጅቱ ደንብ ነው። ኮርሴራ ብዙ ኮርሶችን በአንድ ላይ ለሚከፍተው ደንበኝነቱ፣ ለዓመታዊው ኮርሴራ ፕላስ፣ የ14 ቀን የመመለሻ ጊዜ ይሰጣል። ዩደሚ በነጠላ ለተገዛ ኮርስ 30 ቀን አለው። ወርሃዊ ክፍያ ላይ ግን ብዙዎቹ አይመልሱም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሕጉ በኦንላይን ለተገባ ውል የ14 ቀን የመተው መብት ይሰጣል፤ ይዘቱ ወዲያው እንዲከፈትልዎት ተስማምተው ከሆነ ግን መብቱ ሊቀር ወይም የተጠቀሙበት ሊቀነስ ይችላል።

ደንቡ «አይመለስም» ቢልም መጠየቅ አይከፋም። ሁለት ነገር ይረዳዎታል፤ ፍጥነትና አለመጠቀም። በታደሰ በማግስቱ፣ አንድም ትምህርት ሳይከፍት የጻፈን ሰው እሺ የሚሉበት ዕድል ይሰፋል። መጀመሪያ ያቋርጡ፣ ከዚያ አጭር መልእክት ይላኩ፦ «ደንበኝነቴ ትናንት ታድሷል። መቀጠል አልፈለግኩም። ከታደሰ ወዲህ አልተጠቀምኩበትም። ክፍያው እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ።» የደረሰኙን ቁጥር ይጨምሩ። ረጅም ታሪክ አያስፈልግም። የከፈሉት በአፕል በኩል ከሆነ ጥያቄው ለአፕል ነው የሚቀርበው።

«ዓመታዊ፣ በየወሩ የሚከፈል» የሚለው ከወርሃዊ በምን ይለያል?

በጣም ይለያል። ሲያዩት ወርሃዊ ይመስላል፤ ዋጋውም ከወርሃዊው ይረክሳል። ግን የገቡት የ12 ወር ውል ነው። በአራተኛው ወር ላቋርጥ ቢሉ የቀሩትን ወራት ወይም ከእነሱ የተወሰነውን ክፈሉ ሊባሉ ይችላሉ። ዋጋው ሥር «የዓመት ግዴታ» የሚል ነገር ካለ ይሄኛው ነው። «በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥ ይቻላል» የሚል ከሌለ ዝምታውን እንደ አዎ አይቁጠሩት።

ማቋረጥ አቅቶኛል። በባንኬ በኩል ገንዘቡን ባስመልስስ?

ይቻላል፤ ግን መጨረሻ ላይ የሚሞከር ነው። ባንኩ ክፍያውን አከራካሪ ብሎ ይመዘግበዋል፤ ድርጅቱም ማስረጃ እንዲያቀርብ ይጠየቃል። የተስማሙበትን ቀንና ከዚያ ወዲህ የገቡባቸውን ቀናት ካቀረበ ሊረታዎት ይችላል። ብዙ ድርጅቶች ደግሞ ክርክር የተነሳበትን አካውንት ይዘጋሉ። በገንዘብዎ የገዟቸው ሌሎች ኮርሶችም አብረው ሊዘጉ ይችላሉ።

አቋርጠው እያለ ከተቆረጠብዎት ግን ጉዳይዎ ጠንካራ ነው። የማቋረጫ ማረጋገጫውን ኢሜይል፣ «በዚህ ቀን ያበቃል» የሚለውን ገጽ ፎቶ እና ለድርጅቱ የጻፉትን መልእክት ይዘው ይቅረቡ። ካርዱን በሌላ ማስቀየር ብቻውን አይበቃም፤ ከላይ እንዳልነው አዲሱ ቁጥር ሊደርሳቸው ይችላል። ባንክዎን «ከዚህ ድርጅት የሚመጣ ተደጋጋሚ ክፍያ ይታገድልኝ» ብለው በስም ይጠይቁ። ባንኩ የክርክር ጥያቄ የሚቀበልበት ጊዜ ገደብ ስላለው ወራት አያስቆጥሩ።